ቀን የተዘጋ በር

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ዓብዱላሂ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መኪናው መጣ ሲሉኝ በሩ ላይ የለጠፍኩትን ነጭ ሳጥን በደንብ ሳላስረዳዎት ሮጥኩ። «በሬ ላይ የሰቀልሽው ዓይን ምን ምን ያያል? እንግዶቼንስ ያውቃቸዋል ወይ?» ብለው ጽፈውልኛል። አባ፣ ዓይን የለውም፤ ጆሮም የለውም። የሚያውቀው የበሩን መከፈትና መዘጋት ብቻ ነው። በሩ ሲንቀሳቀስ ወሬውን ለስልኬ ያደርሳል፤ የእርስዎ ስም አረንጓዴ ሆኖ ይታየኛል። ቀን ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል በሩ ካልተንቀሳቀሰ ግን ስምዎ ቀይ ይሆናል። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች የታሰበ ነገር ነው።

«የልጅህ ሥራ ምንድን ነው» ለሚሉኝ ምን ልመልስ ላሉት ደግሞ እንዲህ ይበሉልኝ። እርስዎ ዕድሜዎን በፈጁበት ፖስታ ቤት፣ ሐረር ላይ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ባሕር ተሻግሮም ቢሄድ ይቀበሉታል። አገሮች ቁጭ ብለው ስለተስማሙ ነው። እኛም የምንጽፈው እንደዚያ ያለ ስምምነት ነው፤ ደረጃ እንለዋለን። በየቤቱ እየገቡ ያሉት ዕቃዎች፣ የበሩ፣ የውኃ ቆጣሪው፣ የመብራቱ፣ በኢንተርኔት እንዴት እንደሚነጋገሩና ምን ሲያዩ ምን እንደሚናገሩ እንደነግጋለን። የእኔ ድርሻ የበሩ አንቀጽ ነው። የእርስዎም ቤት ለሙከራ ከተመረጡት ቤቶች አንዱ ነው።

የሰጡኝን ቃል አልረሳሁም። እማዬ መርየም ካረፈች በኋላ፣ አላህ ይርሐማት፣ እዚያ ብቻዎን እንዲቀመጡ ልቤ እሺ ያለው «ቀይ ከበዛ ቤቱን ቆልፌ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ» ስላሉኝ ነው። የኮንዶሚኒየሟን ትንሽ ክፍል ለእርስዎ አዘጋጅቻለሁ።

ልጅዎ ናፊያ

*

ሐረር ጁገል፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፊያ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤሽ ሳይቀደድ፣ ሳይርስ ደርሶኛል። ቴምብሩን ግን ጠማማ አድርገሽ ነው የለጠፍሽው፤ የፖስታ ሠራተኛ ልጅ ነኝ ለማንም እንዳትዪ።

«ሳምንቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ቀይ ነበሩ፤ ምን ሆነው ነው?» ብለሻል። ምንም አልሆንኩም። ስልክ እንደማልሰማ ስለምታውቂ ማዶ ላለችው ለኸዲጃ ደውለሽ ልከሻት መጣች። ስትገባ እኔና ሳኒ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር በርጫ ላይ ነን። «ናፊያ በሕይወት መኖርህን አይተሽ ንገሪኝ ብላኛለች» አለች፣ ጮክ ብላ እንድሰማት። ሳኒ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ጫቱ ሊያንቀው ነበር።

አንቺ ልጅ፣ ጁገል ውስጥ ቀን በር ሲዘጋ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከሱብሒ ሶላት ስመለስ እከፍተዋለሁ፤ መግሪብ ላይ እዘጋዋለሁ። በመካከሉ ማን ይነካዋል? ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ በሩ እንደተከፈተ ነው። ዙህር ልሰግድ መስጊድ ስሄድ እንኳ አልዘጋውም፤ ኸዲጃ ታየዋለች። ሳጥንሽ የሚቆጥረው እንጨቱን እንጂ ሰውን አይደለም። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ በሩ ነው ጆሮዬ። የቤቱ ባለቤት በሚቀመጥበት መደብ፣ በአሚር ነደባው ላይ፣ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ እቀመጣለሁ። የመጣውን ሰው አየዋለሁ እንጂ አልሰማውም።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። አንቺን አላልኩም፤ ኮሚቴውን ነው።

በአፋችን በጌ ሲናን ብጽፍልሽ ይሻል ነበር፤ እጄ የለመደው ግን የቢሮውን አማርኛ ነው። ይቅርታሽን።

አባትሽ ዓብዱላሂ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። በዚያ በር ስወጣና ስገባ ያደግሁ ልጅ ነኝ። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

«ኮሚቴው ምን አለ?» ብለው ለጠየቁኝ፣ ነገሩን አንስቼ ነበር። ሰብሳቢያችን ኢንጂነር ወንድወሰን ክፉ ሰው አይደለም። «ናፊያ፣ ደረጃ ለአንድ ከተማ አይጻፍም። የብዙ ሰው በር ቀን ዝግ ነው» አለኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ልከራከር ፈልጌ ነበር፤ ግን የአባቴ ቤት ስለሆነ አድልዎ እንዳይመስልብኝ ዝም አልኩ። በሙከራው ቀይ የበዛበት ቤት፣ ነዋሪው ብቻውን ሊኖርበት የማያስተማምን ተብሎ ይመዘገባል። የእርስዎ ስም በዚያ ተራ ሲገባ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። ቀዩ ከቀጠለ ደግሞ የተባባልነውን ማድረጋችን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ። ረቂቁ እስኪያልቅ ድረስ በሩን አልፎ አልፎ ዘጋ ከፈት ያድርጉልኝ። ቀላል ነገር ናት።

«ከማን ጋር ትበያለሽ?» ላሉት፣ ብቻዬን ነው። እዚህ ፎቅ ላይ ፊት ለፊቴ የሚኖረውን ሰው ስሙን አላውቀውም። በሩ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ግን ከሌላው ለይቼ አውቀዋለሁ።

ልጅዎ ናፊያ

*

ሐረር ጁገል፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፊያ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። እንደምን ከርመሻል? ብርዱ በርትቷል ይላሉ፤ ካፖርትሽን አትርሺ።

እንዳልሽው እያደረግሁ ነው። መጀመሪያ ላይ በሩን እንደ ወትሮው ከፍቼ፣ አልፎ አልፎ ልዘጋው ሞከርኩ። ሰው ሲመጣ ጨዋታው ይይዘኝና እረሳዋለሁ፤ አንቺም ቀይ አየሁ ብለሽ ትጽፊያለሽ። አሁን ብልሃቱን አግኝቼዋለሁ። ዘግቼው እቀመጥና ሲታወሰኝ ተነሥቼ ከፈት መልሼ ዘጋ አደርገዋለሁ። ክፍት በር መዝጋት ይረሳል፤ ዝግ በር መክፈት ግን አይረሳም፤ ጨለማው ያስታውሳል። ቤታችን መቼስ ብርሃኑ በበሩ እንደሚገባ ታውቂያለሽ። አምፖል አበራለሁ። የእናትሽ ሙዳዮች በአምፖል ብርሃን ሌላ ቀለም አላቸው፤ እስካሁን አላስተዋልኩትም ነበር።

«እንግዶችዎ ይመጣሉ ወይ?» ብለሻል። ሁሉም ደህና ናቸው። ሰው መቼም የራሱ ጉዳይ አለበት። ጥርስ ስለሌለኝ ጫቴን የሚወቅጥልኝ ሳኒ ነበር፤ ሰሞኑን ራሴ መውቀጥ ጀምሬያለሁ። ለክንድ ጥሩ ነው። ሳኒን አሞታል አሉ። አሉ የምለው ሰሞኑን ስላልተገናኘን ነው፤ ነገ ሄጄ እጠይቀዋለሁ ኢንሻአላህ።

ስልክሽ አሁን አረንጓዴ ነው አይደል? እንግዲያው ያቺን ትንሽ ክፍል ለሌላ እንግዳ አድርጊያት።

አባትሽ

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ዛሬ የምጽፍልዎት ደስ ብሎኝ ነው። ከሙከራ ቤቶቹ ሁሉ እንደ እርስዎ ቤት ያለ መዝገብ አልተገኘም። ብልሃቱን ካገኙት ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ቀይ የለበትም። ወንድወሰን ወረቀቱን አይቶ «አባትሽ ወታደር ነበሩ እንዴ?» አለኝ። የእርስዎ ቤት፣ ስምዎ ሳይጠቀስ፣ በረቂቁ መጨረሻ ላይ በምሳሌነት ይገባል። ሌሎች አገሮችም ሊያነቡት ይችላሉ። እማዬ ብትኖር ምን ትል እንደነበር አስቤ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

«እኔን ባታዪ ምን ትሆኚ ነበር?» ብለው ጠይቀውኛል። እውነቱን ልንገርዎት። ምሳዬን ስበላ ስልኩን ከሳህኑ ጎን አስቀምጠዋለሁ። አረንጓዴው ሲበራ አባ በሩን ከፈቱ እላለሁ። አብረን የበላን ይመስለኛል።

ሳኒ ተሻላቸው ወይ? ሁለት ጊዜ ጠይቄ አልመለሱልኝም። ስለ በርጫውም መጻፍ ትተዋል። ደግሞስ እኔ ለጥር እረፍት ልምጣ? አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ናፊያ

*

ሐረር፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፊያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልስ በማዘግየቴ አውፍ በዪኝ። ጽሑፌ ስለ ተንጋደደ አትቆጪ፤ ብዕሩ ነው፤ ደግሞም ተጋድሜ ነው የምጽፈው። ጠርዙ ላይ ያለው ቢጫ ነጠብጣብ ሻይ ነው።

ልምጣ ላልሽው፣ አትምጪ። ሥራሽን ጨርሺ። መንገዱም ሩቅ ነው፤ እኔም ደህና ነኝ።

ስለ ሳኒ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባ፣

ሻይ አይደለም። አዮዲን አዮዲን ይሸታል። ኸዲጃ ጋ ደወልኩ፤ መጀመሪያ እምቢ አለችኝ፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ ከዚያ ነገረችኝ።

እርስዎ በሩን ለሳጥኑ ሊከፍቱ ከነደባው ሲወርዱ ወድቀው እግርዎ ተሰብሮ፣ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላው ዐስር ሶላት ድረስ መሬት ላይ ተኝተው ነበር። በሩ በደንብ ሳይገጥም ገርበብ ብሎ ስለነበር ንፋሱ ሲከፍተው፣ ሲዘጋው ዋለ። ኸዲጃ የመጣችው ልታይዎት አይደለም፤ «ይሄ ሰውዬ በሩን ምን ያላትመዋል» ብላ ልትቆጣ ነው።

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ፤ ስልኬን መልሼ አየሁት። ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ በፊት በሩ ያን ያህል ጊዜ ተከፍቶ አያውቅም። ምሳዬን እየበላሁ አይቼው «አባ ዛሬ እንግዳ በዝቶባቸዋል» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እርስዎ ወለሉ ላይ ተኝተው፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለምን ደበቁኝ? እኔ ዘጋ ከፈት ያድርጉ አልኩ እንጂ ዘግተው ይቀመጡ አላልኩም። ሰፈሩ ሁሉ እያለ እንዴት አንድ ሰው ብቅ አይልም? ኸዲጃን ስለ ሳኒ ብጠይቃት «እሱ ራሱ ይንገርሽ» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ከእንግዲህ ልቤ አይችልም። እግርዎ እንደጠና መኪና ይዤ እመጣለሁ። ቃልዎን ይጠብቁልኝ።

ናፊያ

*

ሐረር ጁገል፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፊያ፣

ቢስሚላህ። ሰላምታዬ ይድረስሽ። ተቆጥተሽ ስትጽፊ ሰላምታ ትረሻለሽ፤ እናትሽም እንዲሁ ነበረች።

ለምን ዘግተው ተቀመጡ ላልሽው፣ አንቺን ለማስደሰት ብቻ አይደለም። እንዳትወስጂኝ ነው። ቀይ ከበዛ እመጣለሁ ብዬ ቃል ስገባ፣ ቀይ የሚያደርገኝ ክፍት በሬ መሆኑን አላወቅሁም። ቤቴ ውስጥ ለመቆየት ብዬ ቤቴን ዘጋሁት።

መጀመሪያ የቀሩት የበርጫ ሰዎች ናቸው። በሩ ዝግ ነው፣ ተኝቷል ብለው አለፉ። በማግስቱም አለፉ። ከዚያ ሌላ ቤት ለመዱ። ኸዲጃ «ልጁ ማሽን ሰቀለችለትና ኮራብን» ብላ ነበር፤ ራሷ ናት የነገረችኝ። ቀን በሩን የዘጋ ሰው፣ ሰው አልፈልግም ማለቱ ነው፤ ማን ይገባበታል? ወጥቼ ላስረዳቸው እችል ነበር። ግን ምን ልበል? ልጄ በስልክ እንድታየኝ ብዬ ከናንተ ተደበቅሁ ልበል? አፈርኩ። ቀኑ እንዴት እንደሚረዝም ልነግርሽ አልችልም። ተነሥቼ በሩን የምከፍተው ለሳጥኑ ነበር፤ ከፍቼ ግን ትንሽ እቆም ነበር፣ የሚያልፍ ሰው ካለ ብዬ።

ሳኒ ሞቷል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው። ልጠይቀው ስሄድ ሰው መለየት ትቶ ነበር፤ እጁን ይዤው ተቀምጬ ተመለስኩ። ለተዓዚያ ስንቀመጥ ሚስቱ ሳዳ «ሳይተኛ በፊት አንተ ዘንድ መጥቶ ነበር እኮ» አለችኝ። ጫቱን ይዞ፣ በየግንቡ ጥግ እያረፈ መጥቶ፣ በሬን በከዘራው አንኳኳ። ደጋግሞ አንኳኳ። ናፊያ፣ እኔ ውስጥ ነበርኩ። የት እሄዳለሁ? አሚር ነደባው ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ የተዘጋውን በር እያየሁ ነበር። አልሰማሁትም። እሱ ቤቱ ተመልሶ ለሳዳ «ዓብዱላሂ የለም፤ ልጁ ወስዳዋለች መሰለኝ» አላት። ሳልሰናበተው የሄድኩ መስሎት ሞተ።

ይህን ነው መጻፍ ያቃተኝ። እግሩስ ይድናል።

ቃሌን አላጥፍም። ይምጡ ካልሽኝ እመጣለሁ፤ ሽማግሌ ከቃሉ በቀር ምን ይቀረዋል። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ከመምጣትሽ በፊት ጥቂት ቀን በሬን ከፍቼ ልቀመጥ። ቀይ ቢሆን ታገሺኝ።

አባትሽ ዓብዱላሂ

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ዓብዱላሂ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እግርዎ እንዴት ነው? ለሳዳ ደውዬ አላህ ያጽናሽ አልኳት። ስለ በሩም ነገርኳት። «ሳኒ ይህን ቢያውቅ ይስቅ ነበር» አለችኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

አውፍ ይበሉኝ አባ። ሌላ የምለው የለኝም። ቀላል ነገር ናት ብዬ የጻፍኳትን ዓረፍተ ነገር እየደጋገምኩ አስባታለሁ።

«ሥራሽ ተበላሸ ወይ?» ብለው በኸዲጃ አስጠይቀዋል። ስብሰባ ላይ የዚያን ቀን መዝገብ፣ የወደቁበትን ቀን፣ ግድግዳው ላይ አሳየኋቸው። «ምን ዓይነት ሰው ይታያችኋል?» አልኳቸው። አንዱ «እንግዳ የሚወድ፣ ጤነኛ ሽማግሌ» አለ። አባቴ ናቸው ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንድወሰን መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየና «አንቀጹን መሰረዝ አልችልም፤ ሌሎች ቤቶች ላይ ሠርቷል» አለ። እውነቱን ነው። የእርስዎ ቤት ግን ከምሳሌነት ወጥቷል። አንዲት ዓረፍተ ነገርም አስገብቻለሁ፤ በር ብቻውን ስለ ሰው አይመሰክርም፣ ሳጥን ከመሰቀሉ በፊት የቤቱ ሰው በሩን እንዴት እንደሚኖርበት ይጠየቅ የምትል። እስከ መጨረሻው ትቆይ አትቆይ ግን አላውቅም።

ቃልዎን መልሼልዎታለሁ። ቤትዎ ይቀመጡ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲሉ ዘመዱ ይከፋዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይከፋል። ግን እውነት ነው። ሳጥኑን ኸዲጃ ትንቀልልዎት፤ መጣል ይችላሉ።

ቅዳሜ ዕለት እኔም በሬን ከፍቼ ዋልኩ። ወንበሬን ወደ በሩ አዙሬ ተቀመጥኩ። የፊት ለፊቱ ሰውዬ ሲወጣ አየኝና «ቁልፍ ጠፋብሽ?» አለኝ። አይ፣ እንዲያው ነው አልኩት። ስሙ ኒቆዲሞስ ነው።

ልጅዎ ናፊያ

*

ሐረር ጁገል፣ የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፊያ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳን ከሪም። ቴምብሩን ዘንድሮ ገና አሁን ቀጥ አድርገሽ ለጠፍሽው።

«በሩን ከከፈቱ ወዲህ ማን መጣ?» ብለሻል። በመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣም። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሰው እያለፈ ወደ ውስጥ ያያል፤ እኔ እጄን አነሣለሁ፤ እጁን ያነሣል፤ ይሄዳል። የዘጋሁትን ያህል መጠበቅ አለብኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ጾሙ ሲገባ ኸዲጃ ለማፍጠሪያ ሹርባ ይዛ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ «ልግባ?» አለች። አርባ ዓመት በዚህ በር ስትገባ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ትናንት ግን ሳትጠይቅ ገባች። ሽማግሌዎቹም ከዒድ በኋላ እንመጣለን ብለው ልከዋል። የሳኒ ትራስ ቦታው ላይ ነው፤ ማንም እንዲደገፍበት አልፈቅድም።

ሳጥኑን ይንቀሉት ብለሻል። አልነቅለውም። ምሳሽን ከኔ ጋር የበላሽ ይመስልሽ እንደነበር ጽፈሽልኛል፤ እሱን አልወስድብሽም።

ስለዚህ እኔም አንድ ደንብ ላውጣ፤ ኮሚቴሽ ባይፈርምበትም ግድ የለም። በየቀኑ ከዙህር በኋላ ስልክሽ ቀይ ይሆናል። አትደንግጪ፤ በሬ ክፍት ነው፣ እኔም ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ ማለት ነው። ከዙህር በኋላ አረንጓዴ ካየሽ ግን፣ ልጄ፣ ያን ጊዜ ነይ።

አባትሽ ዓብዱላሂ